የመስታወት ብሌን

ላውሻ ይባላል፣ ከጥዱ ደን ሥር፣
ጣራው ግድግዳውም ጥቁር ድንጋይ ለባሽ፣ ጠባብ የእኛ መንደር።
በረዶ ደጃፉን ዘግቶት ሲያድር
የአባቴ መስኮት ግን ሰማያዊ ነበር።
የጋዝ ነበልባሉ አያንቀላፋም፤
አባቴም ከፊቱ ቢጠሩት አይሰማም።

ሥራው ዓይን መሥራት ነው።
ርችት ያጠፋበት፣ ሽቦ የወጋበት፣
ከማዕድን ጉድጓድ ድማሚት የነጠቀበት፣
ሰው ሁሉ ይመጣል፣ ግማሽ ፊቱን በመሀረብ ሸፍኖ፣
ከላይፕሲግ፣ ከድሬስደን፣ በባቡር ተጭኖ።

ፊት ለፊቱ ያስቀምጠዋል።
ከዚያ ያየዋል። ዝም ብሎ ያየዋል።
ደኅነኛው ዓይን ውስጥ ጠልቆ ይቆያል፤
«ቡናማ ነው» ሲሉት፣ «የለም፣ የለም» ይላል፣
«ከዳር አረንጓዴ፣ ከመሐል የማር ጠብታ፣
በስተግራ በኩል የዝገት ነጥብ አለች፣ እንደ ምሥጢር ተኝታ።»
ነጩን መስታወት በትንፋሹ ይነፋል፣
በቀጭን ዘንግ ጫፍ ቀለም ያንጠባጥባል፣
ቀዩን የደም ሥር ከክር አቅጥኖ ይስላል።
ሰውየው አጥልቆት ራሱን ሲያይ ያለቅሳል፤
እንባውም ከሁለቱም ዓይኖቹ ይወርዳል።
አባቴ ይህን ሲያይ ብቻ ፈገግ ይላል።

ከጠረጴዛው ሥር መሳቢያ ነበረ፣
ያልተሳካ ዓይን ሁሉ በጥጥ ላይ የሰፈረ።
በልጅነቴ ወራት ስከፍተው በስውር
መቶ ዓይን አፈጠጠ፣ ሳይጨፍን፣ ሳይዞር።
አልፈራኋቸውም። ይልቅ ቀናሁባቸው፤
ተበላሽተው እንኳ አባቴ አይቷቸው፣
እኔን ሳልበላሽ ነው ሳያየኝ ያለፈው።

እናቴ ኢርምጋርድ ሾርባ ይዛ ትመጣለች፤
ማታ ቀዝቃዛውን ይዛ ትመለሳለች።
አንድ ቀን ብቻ ነው የተናገረችው፣
አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ ደጃፉ ላይ ቆማ፣ ሰዓት ስታሳልፍ፣ ቀና ብሎ ሳያያት ሰውየው፦
«ኦትማር፣ እኔም እኮ አንድ ዓይኔን ላጥፋና
ወንበርህ ላይ ልቀመጥ፣ ወረፋ ይዤ ልምጣና!»
ሳቀ። እሷም ሳቀች። ቀሚሷን አውልቃ
ቁም ሣጥን ከተተች፤ አልለበሰችም፣ በቃ።

ዝናው ተሻገረ፤ ከቪየና መጡ፣ ከኦስሎ ጻፉለት፣
የሙያ ማኅበሩ ኒሻን በአንገቱ አጠለቀለት።
አምስት ሺህ ዓይን ሠራ። አምስት ሺህ ሰው
ቀና ብሎ ሄደ በመንገድ፤ ይህን ማን ያሳንሰው?
እኔም ይህን ብክድ፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!

ግን እሳት ዋጋውን አይረሳም፤
ሠላሳ ዓመት ያፈጠጠበት፣ በዓይኖቹ ላይ ጉም ሆኖ ተመለሰ፣ ቀስ እያለ፣ ሳያሳምም።

እናቴ በየካቲት፣ በሳንባ ምች ሞተች።
በተቀበረች ማግሥት፣ ሌሊት፣ ያቺ መስኮት በራች።
ካፖርቴን ደርቤ በረዶውን እየረገጥሁ ወረድሁ።
ጠረጴዛው ላይ ነጭ ኳስ፣ ቀለም ያልነካው፣
ዘንጉም በእጁ ላይ፣ ምን እንደሚሠራበት ያልገባው።
ያን ሁሉ ዓይን የሚያስታውስ፣ የዝገቱን ነጥብ፣ የማሩን ጠብታ፣
አፍሮ ጠየቀኝ፣ ድምፁ ተቆርጦ ለአፍታ፦
«ፍሪድሩን፣ ልጄ፣ አትቆጪኝ… የእናትሽ ዓይን
ምን ዓይነት ነበረ?»

ስንት ዓመት ያጠራቀምሁት ነገር ነበረኝ።
ከአፌ ደርሶ ተመለሰ።
የደንበኞቹን ወንበር ሳብሁ።
ተቀመጥሁ። መብራቱን ወደ ፊቴ አዞርሁ።
«ልክ እንደ እኔ» አልሁት።

ትንፋሹ ጉንጬን እስኪነካ ቀረበ፣
በጉሙ መሐል አሻግሮ እንደ እረፍት የለሽ ፈላጊ።
«ቡናማ» አለ። ጠበቅሁ።
«የለም» አለ። «የለም፣ የለም።»
እስኪነጋ አየኝ።

ዋሽቼው ነበር። የእናቴ ዓይን ሰማያዊ ነበር፣
ያ ነበልባል ራሱ፣ ዕድሜውን ሁሉ ፊቱ ሲነድ የነበር።

ያ ዓይን ዛሬ እኔ ዘንድ ነው፣ በጥጥ ተጠቅልሎ።
የመጨረሻ ሥራው ነው። አንዲት እንከን የለውም።
እናቴን አይመስልም።